ዝናብ ፍለጋ የሄደው ደራሲ

«ክረምት የደራሲ ወቅት ነው» የሚል ሰው ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሰውየው ጋቢውን ተከናንቦ መስኮት ሥር ይቀመጣል፣ ከዚያ ብዕሩ በራሱ ጊዜ ይሮጣል ይሉናል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ነጌሌ ቦረና ነው። የእኛ ዝናብ በሚያዝያ መጥቶ ይሄዳል፣ በጥቅምት ደግሞ ብቅ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ጠቁሮ ይውላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። ነፋሱ ቀዩን አፈር ተሸክሞ በየቤቱ ይገባል፤ ብርዱም ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተማችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ተቋቋመ። እኔ ያኔ ገና የተቀጠርኩ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሊቀመንበራችን በዚያው ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ያስተማረ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ግጥሙ ጋዜጣ ላይ ወጥታለታለች። ቆርጦ በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞር ነበር፤ ሰው ባይጠይቀውም ያሳያል።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ፣ ለመስከረም በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የምናቀርበውን እንድንጽፍ ተነጋገርን። ሳምንታት አለፉ፤ ማንም አልጻፈም። ሄጄ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምንጀምረው?»

«አንቺ ልጅ፣ ጽሑፍ እንደ ሽሮ ተጥዶ አይፈላም። ስሜት ይጠበቃል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመጣ ነዋ! በዚህ አቧራ ውስጥ ምን ስሜት አለ? እኔ ክብረ መንግሥት ወጣ ብዬ ልከርም ነው። እዚያ ይዘንባል።»

እውነትም ሄደ። ዝናብ ፍለጋ አውቶቡስ የተሳፈረ ደራሲ ያን ጊዜ አየሁ። የቀሩት አባላት ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ተሰብስበው፣ ጫታቸውን እየቃሙ፣ ገና ስላልጻፉት ልብ ወለድ ከጠዋት እስከ ማታ ያወራሉ። አንዱ ፍቅረኛው ከድታው ልቡ ስለተሰበረ መጻፍ አልቻለም። ሌላው ደስተኛ ስለሆነ መጻፍ አልቻለም። እንዲህ ያለ ስንፍና ስም ወጥቶለት «ጥበብ» ሲባል መስማት ያቅለሸልሸኝ ነበር።

እኔ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የእናቴ ሱቅ ጓዳ፣ በስኳርና በጨው ጆንያዎች መካከል፣ አንድ በርጩማና አንድ የሳሙና ሣጥን ነበረኝ። ጠዋት ገብቼ እስከ ምሳ እቀመጣለሁ። ያረጀ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፤ አቧራው ስለሚቀድመኝ በየመስመሩ እፍ እላለሁ። ምንም የማይወጣበት ቀን ብዙ ነበር። እንዴት ታገሥሽ ቢሉኝ የምመልሰው የሚያኮራ አይደለም። መነሣት ሲያምረኝ በበሩ ስንጥቅ ሻይ ቤቱን አያለሁ። እነዚያ አሁንም እዚያው ናቸው። ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሌላው ሰው የሚጽፈው በፍቅር ይሁን በጸሎት አላውቅም፤ እኔን ያስጻፈኝ ንቀት ነው።

አብራኝ ያደገች፣ ከሞያሌ ልብስ እያመጣች የምትነግድ ጓደኛ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት በሱቁ በኩል በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ሳትለኝ አታልፍም።

«አካም ቡልቴ?»

«ናጋ።»

«ዛሬም ትጽፊያለሽ? ይኼን ሁሉ ወረቀት ማንን ልትከሺበት ነው?»

«ስለ ነፋስ ነው የምጽፈው።»

ሳቀች። «ነፋሱን? ክሰሺው! እኔ ምስክር እሆናለሁ። ባለፈው ሳምንት የሱቄን ድንኳን ይዞብኝ አልሄደም?»

እሷ ሄደች፤ እኔ ግን ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። ለብዙ ቀን ስለ ነፋሱ እየጻፍኩ ስሰርዝ የነበርኩት፣ በጽሑፉ ውስጥ ሰው ስላልነበረ እንደሆነ ገባኝ። በዚያው ጠዋት፣ ነፋስ የቤቷን ክዳን የወሰደባት አንዲት መበለት ነፋሱን ለመክሰስ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ስትመላለስ መጻፍ ጀመርኩ። ምሳ ቢጠሩኝም አልሰማሁም።

መስከረም ላይ አዳራሹ ሞላ። ጋሼ ከክብረ መንግሥት ተመልሶ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ቀረበ። ስለ ነጌሌ ክረምት ነው ያነበበው፤ ጎርፍ አለ፣ ጉም አለ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሸፍኖታል። ከብቶቻቸው በጥም እየወደቁ ያሉ ሰዎች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ሰው የሚያፏጭበት መስሎኝ ነበር። ሰዉ ግን በጭብጨባ ተቀበለው፤ አባቶቻቸው ከሰሜን የመጡ የቢሮ ሰዎችማ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

የእኔ ተራ ደርሶ አነበብኩ። መበለቲቱ በመጨረሻ ትሸነፋለች፤ ተከሳሹ አድራሻ የለውም ብለው መዝገቧን ይዘጉታል። ከኋላ በኩል ጓደኛዬ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች፤ ሰው ዞር ብሎ ገላመጣት። ከዚያ ለይሉኝታ ያህል አጨበጨቡ። ዝግጅቱን የመራው ሹም ተነሥቶ፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ነፋሱንማ በየቀኑ እናየው የለ? ሥነ ጽሑፍ አዲስ ነገር ይፈልጋል» አለ። ጋሼም በአባትነት ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ፣ ስሜቱ ሲመጣልሽ ታይዋለሽ» አለኝ። ወረቀቴን ጠቅልዬ ወጣሁ። አፌን ብከፍት የሚወጣው ስድብ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ አኩርፋ ነበር።

«ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ደስስ ብሎኛል። ግን ለምን ትሸነፋለች? ይግባኝ አትልም እንዴ? የእኛ አገር ሴት መዝገብ ተዘጋ ተብላ ታቆማለች?»

 በሚቀጥለው ሐምሌ ይግባኙን ጻፍኩት፤ በሌላው ክረምት መበለቲቱን እስከ አሬሮ ወረዳ የአገር ሽማግሌዎች ድረስ ላክኋት። ክበቡ በዚህ መሃል ፈረሰ፤ መቼ እንደፈረሰ እንኳ ያስተዋለ የለም። አጭሩ ታሪክ ረዝሞ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፌ ሆነ። መጽሐፉ የወጣ ሰሞን ከድሮዎቹ አባላት አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «አንቺማ ዕድለኛ ነሽ፣ ጊዜ ነበረሽ» አለኝ። አንድ ቅጂ ስጪኝ አለኝ፤ ሱቅ ሄዶ እንዲገዛ ነገርኩት።