ያለ እርዳታ መማር ይችላሉ?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ሐና ላፕቶፗን ታቅፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ እያመለከተች ነው።

«አክስቴ፣ የገንዘብ እርዳታ እፈልጋለሁ ካልኩ የመግባት ዕድሌ ይቀንሳል ይላሉ። አልፈልግም ልበል እንዴ?»

ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሐሳቤ አሶሳ ደርሶ ነበር።

በባዮሎጂ እንደተመረቅኩ ያስተማርኩት እዚያ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር፤ ቀለሙ ያልደረቀ የቢሮ ታፔላ በቀርከሃ አጥር ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከደሴ ያን ሁሉ አቧራ አቋርጬ ስደርስ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ታደሰን ያገኘሁት ኋላ ነው። እሱም የወሎ ልጅ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፤ ሁለታችንም ሐጃ ዘይነባ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከሥራ ስንመለስ ማንጎው ሥር ተቀምጠን የአገራችንን ወሬ እናወራለን። ሰው የአገሩን ሰው ሲያገኝ ለካ ድምፁም ይለወጣል።

አንድ ጊዜ ታደሰ ከአዲስ አበባ ለሁለታችንም የማመልከቻ ቅጽ ይዞ መጣ። ለውጭ አገር አመልካቾች የተለየች ጥያቄ ነበረችበት፦ ያለ እርዳታ መማር ይችላሉ?

«እችላለሁ በይ» አለኝ። «መጀመሪያ እንግባ፣ ሌላው እዚያ ይታሰባል።»

«አንተ እዚያ ወንድም አለህ። የእኔን ማን ይከፍላል?»

«አልችልም ካልሽማ አይቀበሉሽም።»

አልችልም ብዬ ጻፍኩ። ሐቀኛ ለመሆን ብዬ አይደለም፤ እዚያ ደርሼ የምከፍለው አጥቼ ከደጃፍ መመለሱን ፈርቼ ነው።

እሱን ተቀበሉት። መንገዱ ሳይበላሽ ብሎ ሰኔ መግቢያ ላይ ሄደ። ሻንጣውን መኪናው ላይ እየጫነ «ያንቺም ይመጣል» አለኝ። ክረምቱ ገባ፤ አስተማሪዎቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ተበተኑ። እኔ ግን መልሱን ማን ይቀበልልኛል ብዬ ቀረሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል ቀዩን ጭቃ እየረገጥኩ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ሠራተኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በቀር ማንም ምንም ሳይለኝ የሚመሽበት ቀን ነበር።

በመጨረሻ መልሱ መጣ። ውጤቴን አመስግነው፣ ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት እርዳታ ጥቂት ስለሆነ ሊቀበሉኝ እንዳልቻሉ ጽፈዋል። በሬን ዘግቼ ተኛሁ።

በማግሥቱ ሐጃ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይዘው ገቡ። የአፍ መፍቻቸው የበርታ ቋንቋ ነው፤ በእሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነበር።

«አስተማሪ፣ ለምን አትበላም? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም፣ ሐጃ። እምቢ ተባልኩ።»

ፊታቸው በሐዘኔታ ተለወጠ። «ታደሰ እምቢ አለ? ወላሂ፣ ወንድ ብዙ ነው! ተነስ፣ ብላ።»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ከየት እጀምራለሁ? ደግሞም ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። ገንፎውን በላሁ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላም ወዲያው አልተነሱም።

ታደሰ አንድም ቀን አልጻፈልኝም። እንደገና አመልክቼ ነበር፤ አልሆነም። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚሁ አገሬ ሠራሁ፤ ኑሮዬም ደኅና ነው። የዚያን ክረምት መልስ ረስቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። ያልረሳሁት ጥበቃውን ነው።

ሐና አሁንም ታየኛለች።

«እፈልጋለሁ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «መልሱ የሚመጣበት ሰሞን ግን ልብስሽን ይዘሽ እዚህ ነይ። አብረን እንጠብቃለን።»