ጨርቁን የሚገልጠው ዘበኛ

በዚያ የጥቅምት ጠዋት ከዳኑብ ወንዝ የተነሣው ጉም ከተማዋን ውጧት ነበር። ወደ ኪነ ጥበብ ፌስቲቫሉ የሚገቡት እንግዶች፣ ካፖርታቸውን ለካፖርት ተቀባይዋ ለቬቱሪያ ሲያስረክቡ፣ ከሕልማቸው ገና ያልወጡ ይመስሉ ነበር።

ከካፖርት ማስቀመጫዋ ፊት ለፊት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ ሽማግሌ ዘበኛ ቆሟል። ከኋላው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሥዕል አለ፤ ከአገር መውጣት በተከለከለበት በዚያ በክፉው ዘመን ድንበር የሆነውን ወንዝ በዋና ሊሻገር የሞከረ ወጣትና ከዳር ሆኖ የሚያነጣጥርበት ወታደር። የቀድሞ ድንበር ጠባቂዎች "ስማችን ጠፋ" አሉ፤ ሠዓሊዋ "አይወርድም" አለች። የፌስቲቫሉ ቢሮ ሥዕሉ ተሸፍኖ ይቆይ፣ ማየት ለሚሻ ዘበኛው ይግለጥለት፣ አንድ ቅሬታ ከተጨመረ ግን ይውረድ ብሎ ወሰነ።

ሽማግሌው ጨርቁን የተኛ ሕፃን እንደሚገልጥ ሰው በቀስታ ያነሣል። እሱ ራሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

"ጋሼ፣ አንገትዎ ተጣሞ ሊቀር ነው እኮ" አለችው ቬቱሪያ።

"አንቺ ካፖርትሽን ጠብቂ።"

ከሰዓት በኋላ የቢሮው ኃላፊ መጣች። "ቅሬታ ያቀረበ አለ?"

አዎ ቢላት ሥዕሉ በዚያው ቀን በወረደለት ነበር።

"የለም" አለ። "ይቆይ።"

ኃላፊዋ ስትሄድ ከኪሱ ፖምና ትንሽ ሻማ አውጥቶ ለቬቱሪያ ሰጣት፤ በአገሩ ልማድ የሙት ዝክር ነው። ሟቹ በስሙ ካልተጠራ ዝክሩ አይደርስም ይባላል።

"ነፍስ ይማር" አለች። "ማን ብዬ ልጥራው?"

"ስሙን አላውቀውም" አላት። "ጎበዝ ዋናተኛ ነበር።"

ሽማግሌው አሁን በአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚኖረው፤ አልጋው በወንዙ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው።