ውሃው ይቅደም፣ ጉልበቴ ይደርሳል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ታደሰ አንድ ጥንድ ቦቲና አንድ ስልክ ሰጥተው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ላኩኝ። ሥራዬ ወንዙ ዳር ከተተከለው ሰሌዳ ላይ የውሃውን ከፍታ አንብቦ ማሳወቅ ነበር። ገና ሳላነብ ተንሸራትቼ ገባሁ፤ ልለካው የሄድኩት ወንዝ ቀድሞ ለካኝ። ጉልበቴም ተጎዳ። አቶ ታደሰ ከፍታውን በእኔ አጭር ቁመት እንዳልለካ አስጠነቀቁኝ፤ እንደዚያ ከሆነ በየቀኑ ጎርፍ ነው አሉ።

እንጦጦ ሲዘንብ ፒያሳ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉለሌ በኩል ያለው ባልደረባዬ ለሚ ውሃው ሲሞላ ይደውልልኛል። እኔ ደግሞ ድልድዩ ሥር ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡትን እትዬ አስካለን አስነሳለሁ።

አንድ ክረምት ለሚ ደወለ። ደህና ነህ ወይ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። ልጆቹስ? ደህና ናቸው። ጉልበትህስ? ስለ ጉልበቴ አውርቼ ሳልጨርስ ውሃው ራሱ መጣ። እትዬ አስካለን እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው፤ ጨርቃቸው ግን ሄደ። አጠገቤ ሆነው ወሬውን ሲሰሙ ነበርና፣ እየተንጠባጠቡ ጠየቁኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ጉልበትህስ ተሻለህ?»

ያን ዓመት ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳንና ከኬንያ የመጡ ባለሙያዎች ቸርችል ጎዳና ባለ ሆቴል ተሰበሰቡ። ጎርፍ ድንበር አያውቅምና የላይኛው አገር ለታችኛው ቶሎ እንዴት ይንገር ነው ነገሩ። ስለ ሳተላይቱም ስለ ካርታውም ተባለ። አቶ ታደሰ የእኔንም ጉድ አስነገሩኝ። ከካርቱም የመጡት መሐንዲስ ዑስማን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እነሱ ዘንድ የአጎት ልጅ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም አሉ። በስልክ መጀመሪያ የወንዙ ስም፣ ከዚያ ከፍታው፣ ሰላምታው መጨረሻ እንዲሆን ተስማማን።

በቀጣዩ ክረምት ፒያሳ ፀሐይዋን እየሞቀች ሳለ ለሚ ደወለ።

የወንዙን ስም ጠርቶ፣ «የሰሌዳውን ቀይ መስመር አልፏል፤ እየጨመረ ነው» አለና ዘጋው።

እንደዚያ ተዘግቶብኝ አያውቅም፤ ትንሽ ከፋኝ። ከዚያ ጮህኩ። እትዬ አስካለ ሸራውን ከነጨርቁ ጠቅልለው ደረጃውን ወጡ። ውሃው ሲደርስ ቦታቸውን ባዶ አገኘው። ማምሻውን ለሚ ደውሎ የቀረውን ሰላምታ ከነወለዱ ከፈለኝ።

ዑስማን ዛሬም ከካርቱም ሲደውሉ ስለ ዓባይ ከፍታ ተነጋግረን ስንጨርስ ጉልበቴን ሳይጠይቁ አይዘጉም።

እኛን ለምትተኩ ልጆች የምላችሁ፦ መጀመሪያ የውሃውን ከፍታ ተናገሩ። ጉልበቴ ደህና ነው።