ላቀው ከስብሰባ የሸሸበት ኮሶ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ነፋስ ስልክ ውስጥ የኔን ያህል ሰው የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ልብስ ሰፊው ላቀውን ከኔ በላይ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሱቅ ሲከፍት የስፌት መኪናውን በትከሻዬ ተሸክሜ ያስገባሁለት እኔ ነኝ። ያኔ ጉልበት ነበረኝ፤ አንዴ እንዲያውም የሸሸ ወይፈን በቀንዱ ይዤ... ተዉት፣ የማወራው ስለ ላቀው ነው።

በደርግ ጊዜ እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የቀረ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ላቀው ደግሞ ስብሰባ ከሚቀመጥ እሾህ ላይ ቢቀመጥ ይመርጣል። ምን ዘየደ? «ኮሶ ጠጥቻለሁ» አለ። ኮሶ የጠጣ ሰው ማን ከቤት ያስወጣዋል? ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሰው ግን ሞኝ አይደለም፤ የጠጣበትን ጣሳ አሽትቶ የሚመለስ ጥበቃ ይልካል። ስለዚህ ላቀው የእውነቱን መጠጣት ነበረበት። ሰው በየሁለት ወሩ የሚጠጣውን እሱ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር!

ዓመት ሳይሞላ ሆዱ ድርቅ አለ። ሽንት ቤት ገብቶ አቃስቶ አቃስቶ እንደገባ ይወጣል። ኮሶ ካልጠጣ አይንቀሳቀስም፤ ሲጠጣ ደግሞ በማግስቱ ይብስበታል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ መኪናው ላይ ጎንበስ ማለት አቃተው። የሰው ሱሪ ተከመረ፤ የኔም አለበት።

«አባይነህ፣ እንጀራዬ ሊቀር ነው» አለኝ።

እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተር አረጋሽ ሆዱን ጫን ጫን እያደረገች ጠየቀችው። እሱ ሲያፍር እኔ መለስኩለት።

«ጋሽ ላቀው» አለች፣ «ሆድዎ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሁሉም በሽታ አይደሉም፤ የሚበሉትን እንደ እርሾ የሚያብላሉ፣ አንጀትዎን የሚያግዙ አሉ። ቡሃቃ በየጊዜው በሳሙና ቢፈተግ ሊጡ ይቦካል?»

«ከየት አባቱ!» አልኩ። ቶሎ የገባው ለኔ ነው።

«እርስዎም ሆድዎን አጥበው አጥበው ጨረሱት። ኮሶ ይቅር። እርጎ ይጠጡ፣ ጎመንና ቂንጬ ይብሉ፣ ውሃ ያብዙ፣ በእግርዎ ይሂዱ።»

«ስብሰባውስ?» አለ ላቀው፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«ከሱ እንኳ እኔም አላመለጥኩም» ብላ ሳቀች።

እርጎውን ከማን? ፉሪ መንደር፣ ሁንዴሳ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ላሙ እምቧ ስትል እዚህ ይሰማል ብል አታምኑኝም። ላቀው በጠዋት በእግሩ እየሄደ ከሱ ቤት ጠጥቶ ይመለስ ጀመር።

ኮሶው ሲቀር ሰበቡም ቀረ። እሁድ እሁድ ከኔ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ፊቱን አጨፍግጎ ይቀመጣል፤ ሆዱም እንደሱ አኩርፏል። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ጓድ ደምሰው ስለ ምርት ዘመቻ ሲያስረዳ፣ የላቀው ሆድ ጉርርር አለ። ክንዴን ጨመደደኝ። እጁን አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልውጣ!»

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠጣህ?»

«እርጎ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ደምሰው ራሱ ሳቁን እየዋጠ በሩን በእጁ አሳየው። ላቀው ሮጠ።

ሲመለስ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። እግሩን ዘርግቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ሲያልቅም ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው እሱ ነው። ሰኞ መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ የሰፋው የኔን ሱሪ ነው። ታዲያ የማንን ሊሆን ኖሯል?