የእናቴ ዳንቴል

መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የፕላስቲክ ሽጉጥ ቀጭ ሲል ሰማሁና ወደ ልጅነቴ ሳሎን ተመለስኩ።

አባቴ ባለ ሽጉጥ ቲቪ ጌም የገዛልን ቀን ነው። ከወንድሜ ጋር እየተሻማን ስክሪኑ ላይ በሚበሩት ዳክዬዎች ላይ እንተኩሳለን፤ ከፍ ካሉ ግን አይመቱም፤ እናቴ ቴሌቪዥኑን ያለበሰችው ዳንቴል ይጋርዳቸዋል። እናንሳው ብንላት፣ "ቴሌቪዥን ራቁቱን አስቀምጬ እንግዳ ምን ይለኛል?" አለች።

አባቴ እየሳቀ ሽጉጡን ሰጣት። ሦስት ጊዜ ሳተች። ተነሥታ ዳንቴሉን ገፈፈችና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መተኮስ ጀመረች። በር ሲንኳኳ እንኳ፣ "ቆዩ፣ አንዲት ዳክዬ ቀርታኛለች" አለች።

ዛሬ ሽጉጡን ገዝቼ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየችውና ወደ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥኗ አነጣጠረች።

"መጀመሪያ ዳንቴሉን አንሺልኝ" አለችኝ።