የምርጫ ቀለምና የቡና አልጋ

ቴፒ አጠገብ ባለ አንድ የቡና ማድረቂያ የሴቶቹ አለቃ የሠራተኞቿን እጅ በየጠዋቱ ታሸታለች። ቡና የቀረበውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ሽታ የሳበ ቡና ጥራቱን የሚመዝኑ ቀማሾች ዘንድ ይወድቃል፤ ቡናው ከወደቀ እሷም ከሥራ ትወጣለች። ስለዚህ ሽቶ፣ ነጭ ጋዝ ወይም የፀጉር ቅባት የነካው እጅ ቡናው ወደሚሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች አይጠጋም። ይህን ያወቅሁት ለሌላ ዘገባ ሄጄ ነው።

የምርጫው ቀን ከለቀማው ጋር ገጠመ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቪዲዮ ወጣ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ፣ ድምፅ የሰጠ ሰው ጣቱ ላይ የሚቀባው ቀለም ቡና እንደሚያበላሽ፣ የአንድ ወረዳ ቡናም በዚሁ ሰበብ ከወደብ እንደተመለሰ ይናገራል። የወረዳውን ስም አይጠራም። ቡና የማያውቅ አገር ቢሆን ይሳቅበት ነበር። እዚህ የሳቀ የለም።

ሥራዬን ሠራሁ። ምርጫ አስፈጻሚዎችን ጠየቅሁ፤ ቡና ላኪዎችን ጠየቅሁ፤ የተመለሰ ቡና የለም። ከዚያ ቪዲዮውን ራሱን፣ ከላዩ «ይህ ሐሰት ነው» ብዬ ጽፌ፣ ገጼ ላይ ለጠፍሁት። በሥራ ዘመኔ ያን ያህል ሰው ያየው ነገር አውጥቼ አላውቅም።

ሚዛን ከተማ ኮምፒውተር የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ለእሱ ነገርሁት።

«ያዩት ጽሑፍህን አይደለም» አለኝ። «ስልኩ ሰው ቆም ብሎ ያየውን ነገር ነው ለሌላው የሚያቀብለው። ተናዶ ይቁም፣ አምኖ ይቁም፣ እሱን ምን ቸገረው? አንተ ደግሞ የታመንህ ሰው ነህ። ውሸቱን ተሸክመህ ገበያ አደረስህለት።»

አጠፋሁት። ዘግይቼ ነበር።

በምርጫው ዕለት ማለዳ ሚዛን ድምፄን ሰጥቼ በሚኒባስ ወደ ቴፒ ሄድሁ። አለቃዋ ማድረቂያው በር ላይ ቆማለች። ቪዲዮውን አይታው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አየሁት እንጂ። አንተው ገጽ ላይ። ጋዜጠኛው ካወጣው እውነት ነው አልሁ።»

«ውሸት ነው ብዬ ጽፌበታለሁ እኮ፣ እህቴ።»

«እኔ ማንበብ የት ተማርሁ? ሰውዬው ሲናገር ነው የሰማሁት።»

ቀለም ያለበትን ጣቴን ዘረጋሁላት። ሁለት ጊዜ አሸተተችው።

«እኔን አይሸተኝም። ቀማሾቹን ምን እንደሚሸታቸው ግን በምን አውቃለሁ?»

ሴቶቹን ግን ከምርጫ አልከለከለችም። መርጣ የመጣች ሴት ወደ አልጋው አትመለስም፤ እሸት ቡና ትለቅማለች፤ እሸቱ ልጣጭ ስላለው ግድ የለም። እሷ ራሷ ከሁሉም በኋላ ትሄዳለች። ሴቶቹ በየተራ ሄደው ተመለሱ፤ እሷም በር ላይ ጣት ታያለች።

«ምን እንዲህ ታገላብጪናለሽ፣ ልትድሪን ነው?» አለች አንዷ።

«አንቺን ማን ሊወስድሽ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። አልጋዎቹ ላስቲክ መልበስ አለባቸው፤ ቀለም ያልነካው እጅ ግን የእሷ ብቻ ነው። ሴቶቹ ሊረዷት ተነሡ።

«ላስቲኩም ቡናውን ይነካል» ብላ መለሰቻቸው።

የቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ተደርድረው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው ያዩአታል። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ቀረብሁ። ጣቴን አየችው።

«አንተ ደግሞ» አለችኝ።

ሁሉንም ብቻዋን ሸፈነች። ዝናቡ ሲያባራ መግለጥ አለ፤ የታፈነ ቡና ይሻግታል። የመጨረሻውን አልጋ ስትገልጥ አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በባጃጅ ሄድን። ምርጫ ጣቢያው አሥራ ሁለት ላይ ሲዘጋ ሰልፍ ላይ የተገኘ ሰው ይመርጣል፤ ስንደርስ ግን በሩ ተዘግቷል፣ ሰልፍም የለም። ውስጥ መብራት አብርተው ይቆጥራሉ።

የመራጭነት ካርዷን አውጥታ አየችው። ጠርዙ ረጥቧል።

«ይቺን እንግዲህ ምን አደርጋታለሁ?» አለችኝ።

መመሪያውን አውቀዋለሁና ነገርኋት፤ የምታገለግለው ለዚህ ምርጫ ብቻ ነው።