ሰፊው የእጅ ሰዓት

በየዓመቱ በጉበት ትል ምርመራ ቀን ከቺ ወንዝ ማዶ ወደ መንደራችን የቡድሂስት ገዳም አዳራሽ ልትመረመር የምትመጣ አንዲት ሴት አለች። ስሟን መዝጋቢዋ ታውቀው ይሆናል፤ እኔ የመመርመሪያውን ወረቀት ሽንት ውስጥ የምነክር በጎ ፈቃደኛ ነኝ። የወንድ ሸሚዝ እጅጌውን ጠቅልላ ትለብሳለች። ያሰረችው ሰዓትም የወንድ ነው፤ ሰፍቷት ክንዷ ላይ ይንሸራተታል።

ውጤቱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አንድ መስመር ከታየ ሰውየው ደህና ነው፤ ሁለት ከታየ ጉበቱ ውስጥ ትል አለ። እሷ በዚያ ሰፊ የእጅ ሰዓት የምትቆጥረው የሌሎችን ሴቶች ባሎች ደቂቃ ነው።

ዘንድሮ በቡዋሊ ባል ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ወጣ። ቡዋሊ ማልቀስ ጀመረች።

«ጥሬ ዓሣውን ተው ስለው፣ ‘ትሉን አረቄው ይገድለዋል’ ይለኛል!»

ሴትዮዋ ገላመጠቻት። «ምን ያስለቅስሻል? ክኒን ውጦ ይድናል። የእኔው ባል ግን ይህ ወረቀት ሳይመጣ ነው ዓይኑ ቢጫ የሆነው፤ ሐኪም ቤት ስንደርስ አልቆለት ነበር። አንቺማ ገና ስትጨቃጨቂው ትኖሪያለሽ።»

በእነዚያ ሁለት መስመሮች ስትቀና አየኋት።

ባልየው አፈረ። «እሺ እህቴ፣ ከእንግዲህ አብስዬ ነው የምበላው።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሷ ንገራት!»

ባልና ሚስቱ እየተነታረኩ ደረጃውን ወረዱ። እስኪርቁ ስታያቸው ቆየችና ሰዓቱን ወደ ክንዷ ገፍታ ሄደች። የራሷን ወረቀት ዞር ብላም አላየችው። አንድ መስመር ነበረው።